የሮይስ ቲለሪ መላጣ

ሮይስ ቲለሪን የማያውቅ ሰው አልነበረም። በየፊልሙ ሽፍታው ይሞታል፣ ባለባንኩ ይሞታል፣ አንዳንዴ ጓደኛውም ይሞታል፤ ሮይስ ግን ባርኔጣውን አቃንቶ በቡላ ፈረሱ በቢስኩት ላይ ወደ ተራራው ይሄዳል። እኔ ኔልዳ ፐርሴል ደግሞ የተዋናይቶቹን ቀሚስ ለብሼ በእነሱ ፈንታ ከፈረስ የምወድቀው፣ ጋሪ የምነዳው፣ በመስኮት የምዘለው ነኝ። ከሮይስ ጋር ስሠራ አረጀሁ ብል አላጋነንኩም።

አሁን የምነግራችሁ ቴሌቪዥን በየቤቱ ገብቶ፣ ስቱዲዮዎቹ የፈረስ ፊልም እየሰለቻቸው በመጣ ጊዜ የሆነውን ነው። የምንሠራው እንደ ወትሮው ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከሴራ ኔቫዳ ተራሮች ሥር ባለ ሸለቆ ነበር። ያ ሸለቆ በፊልም ላይ ቴክሳስም፣ አሪዞናም፣ ሜክሲኮም ሆኖ ያውቃል። ድሮ ካሜራውን ወደፈለጉበት ቢያዞሩት ምድረ በዳ ነው። ኋላ የመብራት ምሰሶ መጣ፤ ቀጥሎ አውራ ጎዳናው፣ ቀጥሎ የሞቴል ቀይ ጣሪያ። ካሜራማናችን ፍሎይድ ሁለት መዳፉን አቀራርቦ በመሐል ያለችውን ጠባብ ክፍተት እያሳየ፣ «የቀረችን የካውቦይ ምዕራብ ይቺው ናት» ይለን ነበር።

ሮይስም እንደ ሸለቆው ሆኗል፤ የሚቀረጸው ከአንድ በኩል ብቻ ነው። ስልሳን አልፏል። ከባርኔጣው ሥር ዊግ፣ ከሸሚዙ ሥር ሆዱን የሚያጠብቅ ሰፊ መቀነት አለ። ግራ ጉልበቱ አልታጠፍ ስላለው ፈረስ ላይ የሚወጣው ሣጥን ላይ ቆሞ ነው። ሣጥኑ በካሜራ እንዲታይ አይፈቀድም። እኛም እንዳላየን ሆነን እናልፋለን።

ዳይሬክተሩ አላን ኬስለር ከቴሌቪዥን የመጣ ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ፊልሙ ከተማው ስለማይፈልገው ስለ አንድ ሽማግሌ ሸሪፍ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ኬስለር ወንበሩን ወደ ሮይስ አስጠጋ።

«ሚስተር ቲለሪ፣ የግልቢያውን ትዕይንት ሌላ ሰው ይሥራልዎ። የእርስዎን ፊት ብቻ በቅርብ እናነሳለን።»

«ማነው እሱ?»

«አንድ ወጣት ጋላቢ አምጥተናል። በጣም ጎበዝ ነው።»

«ጎበዝ ከሆነማ ፊቱንም አንሱለት፤ እኔ ቤቴ ልግባ» አለና ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ ኔልዳ፣ ዛሬ ስንት ዓመትሽ ነው?»

«በዚህ ቀሚስ ሃያ።»

«ስታወልቂውስ?»

«እሱን ወገቤን ጠይቀው።»

ሳቀ፤ ግን ነገሩ ከንክኖት እንደነበር አውቃለሁ።

ከሰዓት በኋላ አራት ፈረስ የሚጎትተው ጋሪ ላይ ነበርኩ። ሮይስ በቢስኩት ላይ ተቀምጦ ጋሪው ሲያልፍ በዓይኑ መከተል ብቻ ነው ሥራው። ካሜራው መቅረጽ ጀመረ፤ ፈረሶቹን ለቀቅኳቸው። ልክ ያኔ ጎዳናው ላይ አንድ የጭነት መኪና ረጅም ጥሩምባ ነፋ። ፈረሶቹ በረገጉና ፈረጠጡ። ባለ በሌለ ኃይሌ ስስብ የቀኙ ዛብ እጄ ላይ ተበጠሰ። የግራውን ብስበው ደግሞ የሚወስደኝ ለመንገዱ ሥራ ወደተቆፈረው ጥልቅ ቦይ ነው። መዝለል አውቃለሁ፣ እንጀራዬ ነው፤ ነገር ግን ቀሚሱ የጋሪው ፍሬን እጀታ ላይ ተጠምጥሞ ያዘኝ።

በግራ በኩል ኮቴ ሰማሁ። ሮይስ ነው። በፊልም ላይ ቢሆን ከፈረስ ፈረስ ይዘል ነበር። በልቤ «እንዳትዘል፣ እባክህ» አልኩ። አልዘለለም። ቢስኩትን ከፊተኛው ፈረስ ጎን አስጠግቶ፣ ትከሻን በትከሻ እየገፋ፣ ቀስ በቀስ ወደ ቀኝ አዞራቸው። ዝቅ ባለ ድምፅ እንደሚያባብል ሰው ያናግራቸዋል። ባርኔጣው በረረ፤ ዊጉ ተከተለው። ቦዩን ለጥቂት አለፍነው፤ ዳገት ወጣን፤ መንኮራኩሩ አሸዋ ውስጥ ገባና ጋሪው ቆመ።

«ተጎዳሽ?» አለኝ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«ደህና ነኝ። ጸጉርህ ወድቋል።»

«አውቃለሁ። እንዴት ቀዝቀዝ እንዳለኝ አትጠይቂኝ።»

ሰዎቹ ሣጥኑን ይዘው ሮጠው መጡና እንደ ልማዳቸው ሊጋርዱት ከበቡት። «ዘወር በሉልኝ፣ ምን ታፍራላችሁ?» አላቸው። ሁሉም እያየው፣ ኮርቻውን ጨብጦ፣ እያቃሰተ ወረደ።

ፍሎይድ ለካ ካሜራውን አላቋረጠም። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ባረፍንበት ሞቴል መጋረጃ ዘግተን አየነው። ከስቱዲዮው የተላከው ሰው አልወደደውም።

«ይቆረጥ። ሮይስ ቲለሪን መላጣውን ለማየት ትኬት የሚቆርጥ የለም።»

ሮይስ ወደ ካሜራማኑ ዞረ። «ፍሎይድ፣ እስቲ ድገመው» አለ። ደግመን አየነው። ሲያልቅ ለራሱ እንደሚናገር ሆኖ፣ «ሰው ጀግና ሲለኝ ኖሯል፤ ያ ሁሉ የተጻፈልኝ ነው። ይሄን ግን ማንም አልጻፈልኝም። ይግባ» አለ።

«የቀረውን ፊልምስ ምን እናድርገው?» አለ ኬስለር።

«እሱንም በዚሁ ራስ እሠራዋለሁ።»

የስቱዲዮው ሰው ስልክ ፍለጋ ወጣ። ኬስለር ግን እዚያው ተቀምጦ የፊልሙን ጽሑፍ ሊያርም እርሳሱን አወጣ። በማግሥቱ ሸሪፉን የሚሠራው ሮይስ ፈረሱን እየሳበ ወደ አጥር ሄደ፤ ሣንቃውን አንድ በአንድ ረገጠ፤ መሐል ላይ ዐረፈ፤ ከዚያ ኮርቻው ላይ ተቀመጠ። ካሜራው ዓይኑን አልነቀለም። ኬስለር ከኋላ የመብራት ምሰሶዎቹ እንዲገቡም አደረገ፤ ሸሪፉ ያረጀው ሽቦ ባገሩ በተዘረጋበት ዘመን ነውና። እኔ ያንን ሁሉ ዓመት አይቼው፣ እንደዚያን ቀን አምሮ ታይቶኝ አያውቅም።

ፊልሙ በትልልቆቹ ከተሞች መጠነኛ ተመልካች አገኘ። በትንንሾቹ ግን ሽማግሌዎች ሚስቶቻቸውን እየያዙ ደጋግመው ገቡ። ሮይስ ሌላ ሁለት ፊልም በመላጣው ሠራና በቃኝ አለ። ፍሬዝኖ አጠገብ ከባለቤቱ ከኢሞጂን ጋር የአልሞንድ ለውዝ ዛፍ ያለማል። ኬስለር ደግሞ በሚቀጥለው ፊልሙ አደገኛ ትዕይንቶችን እንድመራለት ቀጠረኝ። አሁን ሱሪ ለብሼ፣ ለወጣቶቹ እንዴት እንደሚወደቅ አሳያለሁ።

ባለፈው ክረምት ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ኢሞጂን የበሬ ጥብስና ባቄላ አቀረበች። ሮይስ ጎረቤቱ ውኃውን እንደሚጠልፍበት እየነገረኝ ሁለት ሳህን በላ። ከመምሸቱ በፊት ወደ ሎስ አንጀለስ ተመለስኩ፤ በማግሥቱ ሥራ ነበረኝ።