ሀሊሜ ሰላም ያላለቻት ሴት

ምስጢራቸውን ለአማቴ ያዋዩ እነዚያ ሴቶች ዛሬ ሁሉም አልፈዋል። ከእንግዲህ የማጋልጠው ሰው ስለሌለ ስለ አማቴ ስለ ሀሊሜ እናገራለሁ። «ከድጄን ለጣሊያን ሸጠቻት» እየተባለ ሲወራባት ስሰማ ኖሬ አንጀቴ አሯል።

በቡታጅራ ጭንቅ የያዛት ሴት፣ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም፣ የምትመጣው እንሰት የምንፍቅበት ጓሯችን ነበር። ቦታው እንዲያው የተመረጠ አይደለም። ሴቶች እንሰት በሚፍቁበት ወንድ ድርሽ አይልም፤ ነውር ነው። የመጣችው ሴት መፋቂያ ተቀብላ ከአማቴ ጎን ትቀመጣለች፣ እኔ ብድግ ብዬ ወደ ቤት እገባለሁ። ሳንቃው ላይ ሽው ሽው የሚለው የቀርከሃ መፋቂያ ድምፅ ንግግራቸውን ይውጠዋል። እያለቀሰች መጥታ ፊቷን ታጥባ የሄደች ስንት አለች! ምን እንዳወሩ ብጠይቅ አማቴ፣ «ዘይባ፣ ቡላው ረጋ ወይ?» ብላ ዝም ታሰኘኛለች።

አንድ ልማድ ነበራት። የሆዷን ያጫወተቻትን ሴት ገበያ ላይ ስታገኝ ሰላም አትላትም፤ አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። ሌላውን ሰው ግን በአገራችን ደንብ እጅ እየሳመች፣ ቤቱን፣ ከብቱን፣ ልጁን እየጠየቀች ነው የምታልፈው። «ዓይኗን ካየሁ ፊቴ ያሳብቅብኛል» ትል ነበር። ይህን የምናውቅ የቤቱ ሰዎች ብቻ ነበርን፤ እኔና ሀቢቡ። ሀቢቡ የሟች እህቷ ልጅ ነው፤ አጉርሳ ያሳደገችው እሷ ናት።

ጣሊያን ከተማችን ሲገባ ሀቢቡ ከወታደሮቹ ጋር መዋል አበዛ። ቋንቋቸውን ለመደ፣ አስተርጓሚ ሆነ፣ ጫማ አደረገ። ብዙ ወንዶች ደግሞ ጠመንጃችንን አናስረክብም ብለው ዘቢዳር ተራራ ወጡ። ከእነሱ አንዱ የከድጄ ባል ሙስተፋ ነበር።

ከድጄ ገና ልጅ እግር ሙሽራ ናት። አንድ ጠዋት መጥታ ከአማቴ ጎን ተቀመጠች፤ እኔም እንደ ልማዴ ገባሁ። ምን እንዳማከረቻት የገባኝ ነገሩ ሁሉ ከተበላሸ በኋላ ነው። ሙስተፋ ተደብቆ እየወረደ ያያት ነበርና አርግዛለች። ከእሱ ነው ካለች ባሏን ታስገድላለች፤ ዝም ካለች ባሏ በሌለበት ያረገዘች ትባላለች። አማቴ ሆዷ ሳይገፋ አረቅጥ ያሉ ዘመዶቿ ዘንድ ሄዳ እንድትወልድ መክራት ኖሯል።

ብዙም ሳይቆይ ሀቢቡ መጣ። ያ ሁሉ እብሪቱ እንኳ አጥሩን አላሳለፈውም፤ ከውጭ ቆሞ ነው የተናገረው።

«አክስቴ፣ ከሸፈቱት ውስጥ ተደብቆ ሚስቱ ጋ የሚመጣ አለ። ከሚስቶቻቸው አንቺን ያማከረችሽ ማናት?»

«እኔ ዘንድ የሚመጣው እንሰት ሊፍቅ ነው፣ ሀቢቡ።»

«ካልነገርሽኝ ይወስዱሻል፤ ላስጥልሽ አልችልም።»

«ይውሰዱኛ!»

ወሰዷት። ገርፈው መለሷት። ጀርባዋን ቅቤ እየቀባሁ ሳለቅስ፣ እሷ ግን እንደተሸለመ ልጅ ፊቷ በርቶ ነበር። «ምንም አልወጣኝም፣ ዘይባ» አለችኝ። ምስኪን! መጠበቅ ያለባት አፏን ብቻ መስሏት ነበር።

ቁስሏ ጠገግ ሲል ቃጫችንን ተሸክመን ገበያ ወጣን። ሀቢቡ ከሁለት አስካሪዎች፣ ከጣሊያን ጥቁር ወታደሮች ጋር ዳር ላይ ቆሟል። አየችውና ፊቷን አዞረችበት። ተራራ የወጡት ሰዎች ሚስቶች በቅቤ ተራው ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሸጣሉ፤ ከድጄም ገና አረቅጥ አልሄደችም ነበርና ከመሃላቸው ነበረች። አማቴ የመጀመሪያዋን ሰላም አለች። የሁለተኛዋን እጅ ስማ ልጆቿን ጠየቀች። ከድጄ ጋ ስትደርስ እግሯ እንኳ ሳይቆም አንገቷን ደፍታ አለፈች። የስንት ዘመን ልማድ ነው፤ ማሰብም አላስፈለጋት።

ሀቢቡ በአገጩ ጠቆመ። አስካሪዎቹ ሄደው ከድጄን በክንዷ አንጠልጥለው አነሷት። ቅቤው ተደፋ።

«ሀሊሜ!» ብላ ጮኸች ከድጄ።

አማቴ ያኔ ገባት። ቃጫው ከጀርባዋ ተንሸራቶ ወደቀ፤ አላነሳችውም።

ከድጄን ካምፕ አሰሯት። ሙስተፋ ነፍሰ ጡር ሚስቱ መያዟን ሲሰማ ወርዶ እጁን ሰጠ፤ እዚያው ገበያው ዳር ረሸኑት። ከድጄንም ለቀቋት።

ከተማው ፈረደ፤ ሀሊሜ ዱላ ሲበዛባት አወጣች ተባለ። ያቺ ጀርባዋ የተተለተለ ሴት! ደሜ ፈላ። «ምነው አትናገሪም፣ እማ? ሀቢቡ እንዴት እንዳወቀ ለሰው አስረጂ እንጂ!» አልኳት።

«ምን ብዬ? ሰላም ያላልኳት ሁሉ ጉዷን የነገረችኝ ናት ብዬ? ከዚያ ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ ማን ማንን እንዳለፍኩ ያስታውስ?»

«ለከድጄ ብቻ ንገሪያታ።»

መፋቂያውን አስቀመጠች። «ባልሽን የገደለው አንገቴ እንጂ አፌ አይደለም ልበላት? ይሄ ለሷ ምን ይሆናታል?»

ሴቶቹም መምጣት ተዉ። ሁለታችን ብቻ ስንፍቅ እንውላለን፤ ድምፁ የሚሸፍነው ነገር አልነበረውም።

ከድጄ ወንድ ልጅ ወለደች። ከአራስ ቤት ከወጣች ከወራት በኋላ፣ ልጁን አዝላ ገበያ በመጣች ቀን አማቴ ሸክሟን አውርዳ መንገዷ ላይ ቆመች።

«አሰላሙ አለይኪ፣ ከድጄ» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ደህና ነሽ ወይ? ቤትሽ ደህና ነው? ላምሽ ደህና ናት? ልጁስ ይጠባል?»

ከድጄ ልጁን አስተካክላ አዘለችና አንገቷን ደፍታ አለፈቻት። ልክ አማቴ እንደምታልፈው፣ ዓይኗን ሳታነሳ።

ልጁ ብቻ ከእናቱ ጀርባ ዞሮ ያያት ነበር። አማቴ እዚያው እንደቆመች፣ ሕዝቡ እስኪጋርደው ድረስ «አንተስ ደህና ነህ? ደህና ነህ ወይ?» ትለው ነበር።