ቡሩል ለባንኩ የሰጠችው የምስጢር ቃል

ቡሩል በኪርጊዝ አገር ኮችኮር ከተማ ውስጥ ወደ ሦስተኛው ባንክ ስትገባ አንገቷን ቀብራ ነበር። ምን ታድርግ? በሁለቱ ባንኮች የገጠማት አንድ ዓይነት ነው። የባንክ ልጆቹ በፈገግታ መታወቂያዋን ይቀበላሉ፣ ኮምፒውተራቸውን ይነካካሉ፣ ከዚያ ፈገግታው ድራሹ ይጠፋል። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ የብድር ታሪክዎ ተበላሽቷል። ሒሳብ ልንከፍትልዎ አንችልም።» ተበላሽቷል! ወተት ይመስል!

እሷ በዕድሜዋ ከሰው አንድ ሶም ተበድራ አታውቅም። ታሪኳን ያበላሸው የባሏ ታላቅ ወንድም ነው። ለድንች ዘር ብሎ ብድር ሲወስድ እሷን ዋስ አስፈረማት፤ ድንቹ ግን ጋማና ጭራ አብቅሎ መጣ። የእሽቅድምድም ፈረስ ገዛበት! ፈረሱ እስከ ዛሬ ማንንም ቀድሞ አያውቅም፣ ገብስ ሲቀርብለት ካልሆነ በቀር። ሰውየው ብድሩን ጆሮ ዳባ ልበስ አለው። ባንክ ግን አይረሳም፤ የተበዳሪውንም የዋሱንም ስም በቀይ ቀለም ጻፈና ለባንኮች ሁሉ አሳየ።

«ታዲያ ለምን ክፈል አትለውም?» የሚል ሰው ይኖራል። እንዲህ የሚል ሰው በኪርጊዝ ቤት ምራት ሆኖ አያውቅም። ምራት የባሏን ታላቅ ወንድም ቀና ብላ አታይም፣ ጀርባዋን አትሰጠውም፣ ስሙንማ ከምትጠራ ሞታ ትገኛለች። ቡሩል ከተዳረችበት ቀን ጀምሮ «ትልቁ ጌታዬ» ነው የምትለው። እኔ ምራቱ ስላልሆንኩ ልንገራችሁ፤ ስሙ ቶክቶሱን ነው። በአገሩ ቋንቋ ስሙ ውስጥ «ቁም» የሚል ቃል ስላለበት፣ ቡሩል የሚኒባስ ሹፌርን እንኳ ቁም ብላ አታውቅም፤ «ልጄ፣ ለኔ መንገዱ እዚህ ጋ አልቋል» ነው የምትለው። ሹፌሮቹ ለምደዋታል።

ስሙን የማትጠሪውን ሰው ዕዳህን ክፈል ማለት ዘበት ነው። አንድ ጊዜ ባሏን ጃኒበክን ልካው ነበር። ጃኒበክ ገና አፉን ሲከፍት ወንድሙ ትልቅ ሙዳ ሥጋ አጎረሰው፤ እሱም እያኘከ ተመለሰ።

አሁን ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ቡሩልና የመንደሩ ሴቶች ክረምቱን ሙሉ ሱፍ ረግጠው፣ ቀለም ነክረው፣ ጣታቸው እስኪደማ ሰፍተው ሺርዳክ ምንጣፍ ሠርተዋል። አንዲት የውጭ አገር ነጋዴ ምንጣፎቹን አይታ አበደች፤ ሁሉንም ወሰደች። ክፍያውን ግን በቡሩል ስም፣ በባንክ ካልሆነ አልልክም አለች። ሴቶቹ የሚያውቁት ቡሩልን ነው፤ ቃል የሰጠቻቸውም እሷ ነች። ሒሳብ መክፈት ካልቻለች የሰው ላብ ይዛ ቀረች ማለት ነው። መንደር ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ ይላታል።

ሦስተኛው ባንክ ውስጥ የተቀበላት ኤርመክ የሚባል፣ ክራቫቱ ከአንገቱ የሚሰፋ ወጣት ነበር። ኮምፒውተሩን አየ። እሷን አየ።

«እትዬ፣ ቀይ ነዎት» አላት።

«አውቃለሁ የኔ ልጅ፣ ሁለት ባንክ ነግሮኛል። ለቀይ ሰው መድኃኒት የለውም?»

ኤርመክ ሳቁን ዋጥ አደረገ። «ብድር አንሰጥዎትም።»

«ማን ጠየቀህ? ብድር ከሩቁ! እኔ ገንዘብ ላስቀምጥልህ ነው የመጣሁት፤ ልቀማህ አልመጣሁም።»

«ካርድም አያገኙም።»

«ካርድ ሳላይ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት።»

«እንግዲያው ታሪካቸው ለተበላሸ ሰዎች የምንከፍታት ትንሽዬ ሒሳብ አለችን። ገንዘብ ትቀበላለች፣ ሌላ ነገር አትሠራም። ከውጭ አገር ገንዘብ ሲመጣልዎ ከዋናው መሥሪያ ቤት ደውለው ያረጋግጣሉ። በዚያው ቀን ካልተረጋገጠ ገንዘቡ ወደ ላኪው ይመለሳል። ይስማማሉ?»

«ታሪኬ አልተበላሸም፤ ፈረስ ነው የረገጠው» አለች ቡሩል። «እስማማለሁ።»

ኤርመክ ትንሽ ወረቀት አቀረበላት። «የምስጢር ቃል ይጻፉ። ማንም የማይገምተው፣ እርስዎ የማይረሱት፣ ሳያስቡት ከአፍዎ የማያመልጥ።»

ቡሩል እስክሪብቶውን ይዛ አሰበች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። የላሟን ስም መንደሩ ያውቀዋል፤ በየማታው ትጣራለች። የእናቷን ስም ያውቁታል። የልጆቿን ስም ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ያውቁታል። ግን አንድ ቃል አለ፤ በንዴት ያልወጣ፣ በምጥ ያልወጣ፣ በሕልሟ እንኳ ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ። ሌባ እድሜ ልኩን ቢያስብ አይደርስበትም! በብልህነቷ ራሷ ተደነቀች። ግራ ቀኝ አየችና፣ ማንም እንዳያይ ወረቀቱን በመዳፏ ጋርዳ ጻፈችው። መጻፍ እንደሆነ ክልክል አይደለም።

ኤርመክ አነበበው። ጆሮው ፍም መሰለ። የዚያው አገር ልጅ ነው፤ የብድሩ ታሪክ ደግሞ ከነተበዳሪው ስም ፊቱ ላይ ተከፍቷል።

«እትዬ… እርግጠኛ ነዎት?»

«ቢገድሉኝ ከአፌ አይወጣም።»

«እሱንማ አምናለሁ» አለና ማኅተሙን መታ። ሲደውሉ ቃሉን በአፏ እንደሚያስጠሯት ሊነግራት ይገባ ነበር። አልነገራትም። ሳቁ አፍኖት ረሳሁ ይላል፤ እኔ ግን ሆን ብሎ ነው እላለሁ። ያ ልጅ ዓይኑ ላይ ተንኮል አለ።

ገንዘቡ የመጣው ቀን ጠፍቶ፣ ቶክቶሱን ቤት ድግስ በተጣለበት ቀን ነው። የልጅ ልጁ መራመድ ጀምሯል። እንደ ደንቡ የሕፃኑ እግር በጥቁርና በነጭ ክር ታሰረ፣ የመንደሩ ሴቶች ከወንዙ ዳር ተሽቀዳደሙ፣ ከቡሩል ጋር ምንጣፍ የምትሰፋው ጎረቤቷ ጉልባራ ያንን ሁሉ ሰውነት ይዛ አንደኛ ወጣች፤ ክሩን የመቁረጥ ክብርም የእሷ ሆነ። ሕፃኑ ሁለት እርምጃ ሄዶ በቂጡ ተቀመጠ። ተጨበጨበለት።

ከዚያ ሰው ሁሉ ቤት ገባ። ከመስኮቱ ሥር ባለው የክብር ቦታ ቶክቶሱን ጢሙን ጠቅልሎ ተሰይሟል፤ ከጎኑ እናቱ አሮጊቷ ሱዩምካን ነጭ ሻሿን ጠምጥማ ተቀምጣለች። ጃኒበክ እንደ ልማዱ ዓይን የማያገኘው ጥግ ይዟል። ቡሩል በሩ አጠገብ ሻይ ትቀዳለች። ሥጋው ቀረበ። ቶክቶሱን ሊመርቅ መዳፎቹን ከፍቶ ዘረጋ፤ ሰውም ሁሉ እንደሱ መዳፉን ዘረጋ። ቤቱ ጸጥ አለ።

የቡሩል ስልክ ጮኸ።

ያ ስልክ የሻይ ውሃ ባልዲ ውስጥ ገብቶ ከወጣ ወዲህ ጆሮ ላይ ቢለጥፉት አይሰማም፤ የሚሠራው በድምፅ ማጉያው ብቻ ነው። «ሃሎ፣ ወይዘሮ ቡሩል?» የምትል ቀጭን ድምፅ ቤቱን ሞላችው። «ከባንክ ነው የምደውለው። ከውጭ አገር ገንዘብ መጥቶልዎ…» ጭጭ። መስመሩ ጠፋ።

ምንጣፍ የሰፉት ሴቶች በሙሉ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ።

«መስኮቱ ጋ!» ጮኸች ጉልባራ። «እዚህ ቤት መስመር የሚይዘው መስኮቱ ጋ ነው! ሩጪ!»

መስኮቱ ደግሞ ከቶክቶሱን ራስ በላይ ነው። ቡሩል ጀርባዋን ላለመስጠት እንደ ሸርጣን በጎን እየሄደች፣ አቀርቅራ፣ የስንቱን እግር እየረገጠች ደረሰች። ቶክቶሱን መዳፎቹን እንደዘረጋ ቀርቷል። ምርቃት ከተጀመረ እጅ አይታጠፍም።

ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«ወይዘሮ ቡሩል፣ ከባንክ ነው፤ ተቋረጠብኝ። እንኳን ደስ አለዎት! ለማረጋገጥ የምስጢር ቃልዎን ይንገሩኝ።»

«ምን… ልንገርሽ?»

«የምስጢር ቃልዎን።»

«ጽፌዋለሁ እኮ!»

«ጽፈውታል። አሁን ደግሞ በአፍዎ ይናገሩታል።»

ቡሩል ሰማይ ተደፋባት። ቁልቁል ስታይ የትልቁ ጌታዋ መላጣ ያብለጨልጫል። «የኔ ቆንጆ፣ ነገ ብትደውይልኝስ?»

«ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንዘጋለን። ዛሬ ካልተረጋገጠ ገንዘቡ ይመለሳል፤ የእርስዎ ሒሳብ ልዩ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ አግብተሻል?»

«ይቅርታ?»

«ባል አለሽ ወይ?»

«የለኝም።»

«በይ እንግዲህ፣ አይገባሽም!»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ቡሩል ግን ላብ በላብ ሆናለች። «ፍንጭ ልስጥሽ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ በዚያ ስልክ ዝቅ ማለት ትርፉ ድካም ነው። «የሰው ስም ነው። ትልቅ ሰው፣ የተከበረ። ጢም አለው።»

«ወይዘሮ፣ ፍንጭ አንቀበልም።»

«ፈረስም አለው!»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጢምም ፈረስም ያለው ሰው በዚያ ቤት ብዙ ስለነበር ማንም አልባነነም።

«ኧረ ንገሪያት!» ጉልባራ የዘረጋችውን እጅ አወዛወዘች። «ክረምቱን ሙሉ እግሬ ሱፍ ውስጥ የበሰበሰው ለዚህ ነው? የላምሽ ስም ከሆነ እኔ ልንገርልሽ!»

«አይደለም አልኩሽ!»

ብትናገር፣ ነውር ነው፤ በገዛ ቤቱ፣ በልጅ ልጁ ድግስ፣ በሽማግሌ ፊት! ባትናገር፣ እነዚህ ሴቶች ዓይን ዓይኗን እያዩ ነው። ለልጆቻቸው በዚያ ገንዘብ ጫማ ሊገዙ ነው።

ነገሩን የጨረሰው ራሱ ቶክቶሱን ነው። እጁ በአየር ላይ ደንዝዟል፣ የሥጋው ጮማ እየረጋ ነው። ቀና ሳይል ጮኸ፦

«ምራቴ፣ አንቺን እኮ ነው! ሥጋው ቀዘቀዘ! አንዲት ቃል ምን ያንቀጠቅጥሻል? ተናገሪና ልመርቅበት!»

ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ አንድ ነገር በቡሩል ዓይን ውስጥ በራ።

«ትልቁ ጌታዬ፣ እንድናገረው ፈቀዱልኝ?»

«ፈቅጃለሁ!»

«በሽማግሌዎቹ ፊት?»

«በአገር ፊት! ጮክ ብለሽ፣ እንድትሰማሽ!»

ቡሩል ደረቷ እስኪነፋ አየር ሳበች።

«ቶክቶሱን!»

«አቤት!» አለ ቶክቶሱን።

እንዲያውም ወታደር ቤት እንደለመደው ከመቀመጫው ብድግ ሊል ነበር፤ ግማሽ መንገድ ላይ ነቃ። ፊቱ እንደ ቀይ ሥር ሆነ። ከተዳረች ጀምሮ ቀና ብላ ያላየችው ምራቱ በስሙ ጠራችው፤ እሱ ደግሞ አቤት አላት! እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ሸለቆ ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅም።

«ተረጋግጧል» አለች የባንኳ ልጅ። «ገንዘቡ ገብቶልዎታል። ሌላ የምረዳዎት ነገር ይኖር ይሆን?»

ቡሩል ስልኩን ልትዘጋ ነበር። ግን ያ ሁሉ ዓመት የተዘጋ አፍ ተከፍቷል፤ በአንድ ቃል ብቻ የሚዘጋ አልሆነም። ፍርሃቷን ስትፈልገው አጣችው፤ ንዴቷ ግን እዚያው ነው።

«አለ እንጂ። አትዝጊብኝ» አለችና ዞረች። «ትልቁ ጌታዬ፣ አቤት ካሉኝ አይቀር ልጠይቅዎ። የድንቹን ብድር መቼ ነው የሚከፍሉት? በእርስዎ ፈረስ እኔ በየባንኩ ቀይ ተብዬ ቀረሁ። ልጅቷም መስመር ላይ ነች፤ ትስማ።»

ቶክቶሱን ወንድሙን ፈለገ፤ ጃኒበክ ጫማውን እየመረመረ ነው፤ የሚያጎርሰው ሥጋም ሩቅ ነው። ሽማግሌዎቹን አየ፤ ሽማግሌዎቹ ጣሪያውን ያያሉ። በመጨረሻ ወደ እናቱ ዞረ።

«እማዬ! ምራትሽ በሰው ፊት ስሜን ጠራች እኮ! ዝም ትያለሽ?»

አሮጊቷ ሱዩምካን የዘረጋችውን መዳፍ ሳታጥፍ ልጇን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ስም ያወጣሁልህ ሰው ሲጠራህ እንድትመልስ ነው» አለችው። «መልስላታ።»

«በመከር…»

«ምን የዘራኸው አለና ነው መከር?» አለች ጉልባራ ከወዲያ።

የቶክቶሱን እጆች አሁንም ተዘርግተዋል። የሁሉም እጅ ተዘርግቷል። ከእንግዲህ ምን አማራጭ አለው? ወደ መስኮቱ፣ ግቢው ውስጥ ገብሱን ወደሚቆረጥመው ፈረሱ በኀዘን ተመለከተ፤ ከጢሙ ሥር እንደ ምንም አጉተመተመ፦

«እሺ… በቅዳሜው የከብት ገበያ እሸጠዋለሁ። ብድሩን እዘጋለሁ።»

«አሜን!» አለች ሱዩምካን ተሽቀዳድማ፣ ፊቷንም በመዳፎቿ አበሰች።

«አሜን!» አለ ቤቱ በሙሉ፣ ፊቱን እያበሰ። በተዘረጋ እጅ ላይ የተነገረና ፊት የተበሰበት ነገር ምርቃት ነው፤ ምርቃት ደግሞ አይሻርም። ቶክቶሱንም ያውቀዋል፤ ከሁሉም ዘግይቶ፣ ከሁሉም ቀስ ብሎ፣ ፊቱን አበሰ።

«አሜን» አለች ከስልኩ ውስጥ የባንኳ ልጅ።