የየኔታ ሀዲስ ሳል

መሪጌታ ገብረ ኪዳን ካሴቱን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በባጃጅ እስከ ዘንዘልማ ይዘውት መጡ። ልጃቸው ፀደንያ እዚያ የዩኒቨርሲቲ መምህር ናት፤ ምርምሯም ማግኔት ላይ ነው። ካሴቱ የሟች አባታቸው የየኔታ ሀዲስ ዜማ የተቀዳበት ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም።

ፀደንያ ደጋግማ አጫወተችው። ሽሽ ከሚል ድምፅ በቀር አንዳች አይሰማም።

«ማግኔት አዋቂዋ አንቺ አይደለሽ? መልሺልኝ እንጂ!»

«አንዴ ከተዘበራረቀ አይመለስም፣ አባባ።»

«ያ የምትደክሚበትስ?»

ስኪርሚዮን የሚባለውን ማለታቸው ነው። በስስ ብረት ውስጥ ጥቃቅን ማግኔቶች ተያይዘው የሚሠሩት፣ ዓይን የማያየው ሽክርክሪት ነው። እንደ ጠበቀ ቋጠሮ በቀላሉ ስለማይፈታ፣ ወደፊት ብዙ መረጃ በትንሽ ቦታ ይያዝበታል ተብሎ ተስፋ ተጥሎበታል። የፀደንያው ግን ገና ከኮምፒውተር ስሌት አልወጣም።

«በእሱ ተጽፎ ቢሆን ይተርፍ ነበር?»

«ምናልባት። ግን ገና አልደረሰም።»

«ይኼንንስ ምን አጠፋው?»

ፀደንያ ምክንያቱን ታውቃለች። አባቷ ለክብሩ ብለው ካሴቱን ከፍ ካለ ቦታ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ውስጥ ካለው ትልቅ የድምፅ ማጉያ፣ ከሞንታርቦው ላይ ነበር ለዓመታት ያኖሩት። የሞንታርቦ ሆድ ደግሞ ማግኔት ነው፤ ካሴት ላይ የተቀዳን ድምፅ ቀስ በቀስ ያጠፋል። ይህ ለአባት እንዴት ይነገራል?

«እርጅና ነው» አለች። «ካሴትም ያረጃል።»

ልሸኝዎት ብላም አብራቸው ሐይቅ ዳር ወዳለው ደብራቸው ሄደች። ዕቃ ቤቱ ሲከፈት ሞንታርቦው ላይ ምንም የለም። እዚያ ይደረደሩ የነበሩት ሌሎች ካሴቶች በሙሉ ወዲያ ማዶ መስኮቱ ሥር ተወስደዋል። ፀደንያ በሀፍረት አንገቷን ደፋች።

«ያውቁ ነበር?»

«ጠረጠርሁ። ከአንቺ አፍ ልስማው ብዬ ነው የመጣሁ።»

«እሱ ነው፣ አባባ። ማግኔቱ ነው።»

«ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ» አሉና ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። «ዜማውስ አለ። እኔም እችለዋለሁ፣ ተማሪዎቼም ይችሉታል። አባቴን ግን መሐሉ ላይ ሲደርሱ ያስላቸው ነበር። ትንሽ ሳል ናት። ካሴቱን የምከፍተው ለእሷ ነበር።»

ፀደንያ አጠገባቸው ተቀመጠች። መሪጌታ በዝግታ ዜማውን ጀመሩ፤ መሐሉ ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው ሳሉ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከመነሻው ጀምረው እዚያው ሲደርሱ ደግመው ሳሉ።

«አይደለችም» አሉ።