ዳባት ላይ ያዳንሁት ላፕቶፕ

ከደባርቅ እስከ ሳንቃ በር ኮምፒውተር ታሞበት እኔን ያልጠራ ሰው የለም። አለ ከተባለም ሰውዬው ኮምፒውተር የለውም ማለት ነው። ሳንቃ በር ላይ የፓርኩን ጠባቂ ስካውቶች የመገናኛ ሬዲዮ ጠግኜ ስጨርስ፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር መንጨታቸውን ትተው ዜና ሲያዳምጡ በዓይኑ ያየ ምስክር አለኝ፤ ሑመራ ስለሚኖር ለመጥራት አይመችም እንጂ። ቴዎፍሎስ እባላለሁ። ሱቄ ደባርቅ ዋናው መንገድ ላይ መናኸሪያውን አለፍ ብሎ ነው። በሩ ላይ «የኮምፒውተር ሆስፒታል» የሚል ተጽፏል። «ሪፈራል» የሚለውን ያልጨመርሁት ቀለም ስላለቀብኝ ብቻ ነው።

ባለፈው ጥር አንድ ጠዋት፣ ገና ሱቄን ሳልከፍት፣ ደርበው ከዳባት ደወለልኝ። ደርበው የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነው። እትዬ ታንጉት ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ በዚያው ሰሞንም የልጃቸውን የየትናየትን ሠርግ የቀረጸው እሱ ነበር። እኔም ተጠርቼ በልቻለሁ። አሁን የላፕቶፑ የዩኤስቢ ማስገቢያዎች በሙሉ ሥራ አቁመዋል። ማውስ ቢሰካ የለም፣ ፍላሽ ቢሰካ የለም፣ ሠርጉ ያለበት ሃርድ ዲስክም አልነበብ ብሏል። ፊልሙ ገና ተቀናብሮ ስላላለቀ ደግሞ ከዚያ ላፕቶፕ በቀር የሚከፍተው የለም።

ሌላ ቀን ታዩታላችሁ፣ ምን አስቸኮላችሁ ስለው፣ መልሱ የዚያኑ ዕለት መሆኑን ነገረኝ። ቀትር ላይ ሙሽሮቹ ከነአማቾቹ እናቷ ቤት ይገባሉ። ደርበው ከምሳ በኋላ ላፕቶፑን ይዞ ለሌላ ሠርግ አምባ ጊዮርጊስ ይሄዳል፤ ሙሽሮቹም በማግስቱ ወደ ሙሽራው ሥራ ቦታ ይጓዛሉ። «እትዬ ታንጉት ግን ልጃቸው ስትወጣ አላዩም» አለኝ።

የሙሽራ እናት መሆንን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ድግሱ በቤቷ ነው፣ እሷ ግን ጓዳ ናት። እትዬ ታንጉት ያን ቀን ወጥ ሲያማስሉ፣ እንግዳ ሲያስመግቡ፣ ሳህን ጠፋ ሲባል ሳህን ሲፈልጉ እልልታ ሰሙ። ማማሰያቸውን እንደያዙ ቢሮጡ የጠበቃቸው የመኪናው አቧራ ነበር። አንድ ልጃቸው ናት። ከዚያ ወዲህ ለአገኙት ሁሉ «በመልሱ ቀን በቴሌቪዥን አየዋለሁ» ሲሉ ነው የሰነበቱት።

ይህን ሰምቼ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። የተሳፈርሁበትን ሚኒባስ መሪው በእጄ ባይሆንም በምላሴ ነዳሁት፤ ሹፌሩ እስከዛሬ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል።

ስደርስ ዳሱ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ፣ ላፕቶፑ በገመድ ተያይዞ፣ ደርበው አጠገቡ እንደ ሐዘንተኛ ተቀምጧል። አማቾቹ ቀደም ብለው ደርሰው ኖሮ አግዳሚውን ሞልተውታል። መካከላቸው የሙሽራው አጎት አቶ ገዱ አሉ። የደባርቅ ሰው ናቸው፣ ያውቁኛል።

«አንተ ደግሞ እዚህም ደረስህ?» አሉኝ። «አንተ የጠገንኸው ፕሪንተሬ እኮ ወረቀት እየበላ አስቸገረኝ።»

«ድኖ ነዋ፤ የምግብ ፍላጎቱ ተከፈተ» አልኋቸውና ወደ ሥራዬ ዞርሁ።

መጀመሪያ አጥፍቼ አበራሁት። የዓለም ችግር ግማሹ የሚፈታው በዚህ ነው፤ ይኼኛው ከሌላው ግማሽ ሆኖ ተገኘ። ቀጥዬ ዲቫይስ ማናጀር ገብቼ የዩኤስቢ መቆጣጠሪያዎቹን አንድ በአንድ ነቅዬ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ መልሶ እንዲተክላቸው አስነሳሁት። ተከላቸው፤ ሥራ ግን የለም። ከዚያ ባትሪውን አውጥቼ ማብሪያውን ረዘም ላለ ጊዜ ተጫንሁ። ይህ ውስጡ ተደብቆ የቀረውን ኤሌክትሪክ ማፍሰሻ ነው። የሚፈሰው መብራት ሰው እንዳይመታ ብዬ አማቾቹን ወደ ኋላ እንዲሉ አዘዝሁ፤ ከነአግዳሚያቸው ወደ ኋላ አሉ። አቶ ገዱ ብቻ ተነሥተው ካሉበት አልተንቀሳቀሱም፤ ምንም አልመታቸውም። ላፕቶፑም እንደ ነበረ ነው።

ፍላሹን ስገፋው ደግሞ እስከ ግማሹ ሄዶ ይቆማል። ነገሩ ገባኝ።

«የሰሜን ብርድ ነው» ብዬ ለሕዝቡ አስረዳሁ። «ብርድ ብረት ያኮማትራል። ቀዳዳው ጠቧል።»

አቶ ገዱ «እንግዲያው ጋቢ አልብሰው» አሉ። ሲቀልዱ ነበር፤ ከአማቾቹ አንዷ ግን የምራቸውን መስሏት ጋቢ አመጣች። የመጣ ነገር አይመለስም ብዬ ላፕቶፑን ደህና አድርጌ ጠቀለልሁትና አጠገቡ ተቀምጬ እጄን ግንባሩ ላይ አኖርሁ። ደርበው እያየኝ እንባው መጣ። ፀሐዩ ከፍ አለ፤ ሙሽሮቹ ሊደርሱ ነው ተባለ።

እኔም ጋቢውን ገልጬ የስልኬን መብራት ቀዳዳው ላይ አበራሁ። ውስጡ ጥቁር ግራጫ ነው፤ የቀዳዳ ጥቁረት ግን አይደለም። በስንጥር ብነካው ተፈረፈረ። ፍርፋሪውን አሸተትሁት። አመድ የተለወሰበት ሊጥ ነው፤ አረቄ ሲወጣ እንፋሎቱ እንዳያመልጥ የማሰሮው አፍ የሚመረግበት። በዚያ ግቢ አረቄ የሚያወጣ ማን እንደሆነ ዳባት በሙሉ ያውቃል።

ቀና ስል እትዬ ታንጉት ጓዳው በር ላይ ቆመዋል። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው መጡና በጆሮዬ አንሾካሾኩልኝ። ደርበው ላፕቶፑን ሳሎን ከቴሌቪዥኑ ጋር አያይዞ ቻርጅ ላይ ትቶ ሲወጣ አቧራ ከገባበት ፊልሙ ይጠፋል፣ አደራ ብሏቸው ነበር። ወሩ ጥር ነው፣ ነፋሱ የአውድማውን ገለባ ሁሉ ቤት እያስገባው ነው። ለመልሱ ድግስ አረቄ ሲያወጡ የተረፈ ምርጊት እጃቸው ላይ ነበር። ገመድ ከተሰካባቸው በቀር ያገኙትን ቀዳዳ ሁሉ መረጉት፤ እንዳያስጠላም ከላይ በጨርቅ ጠረጉት።

«ልጄን እንዳላይ ራሴ ደፈንሁት ማለት ነው?» አሉኝ።

አቶ ገዱ አንገታቸውን አስግገው ምን ተገኘ እያሉ ነው። እውነቱ ቢወጣ የሙሽራው ወገን ይህን ታሪክ እስከ ልጅ ልጅ ክርስትና ድረስ በየድግሱ ሊያወራው ነው። እኔ ደግሞ እግዜር ለእንዲህ ያለ ሰዓት የሰጠኝ ጸጋ አለ።

«ቫይረስ ነው» አልሁ። «ደረቁ ዓይነት። በአፍሪካ ሲገኝ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።»

«ቫይረስ በዓይን ይታያል?» አሉ አቶ ገዱ።

«ለለመደ ሰው ይታያል።»

መድኃኒቱ ዳግም አረቄ ነው፣ ጠንካራው ይምጣልኝ አልሁ። እትዬ ታንጉት ጠርሙሱን በሩጫ አመጡት። ላፕቶፑን አጠፋሁ፣ ባትሪውን አወጣሁ፣ ስንጥሬን በአረቄ አርጥቤ ምርጊቱን ቀስ እያልሁ ፈቀፈቅሁት። ለየቀዳዳው ጠብታ፣ ለሐኪሙ መለኪያ፤ ሐኪም ከበሽተኛው እንዳይጋባበት መጠንቀቅ አለበት። የመጨረሻው ቀዳዳ ሁለት ሆኖ ቢታየኝ ከጥንቃቄው ብዛት ነው። ፀሐይ ላይ አድርቄ ሳበራው ሃርድ ዲስኩ ብልጭ አለ። እልልታው ሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ የነበሩ ሹፌሮችን ፍሬን አስይዟል ይባላል።

ሙሽሮቹ፣ የትናየትና ባሏ እንግዳው፣ በዚያው እልልታ ገቡ፤ ለእነሱ መስሏቸው ደስ አላቸው። እትዬ ታንጉት ወጡን ለጎረቤት ሴቶች ትተው ቴሌቪዥኑ ፊት በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ደርበው የሚፈልጉትን ያውቃልና ፊልሙን አሳልፎ ከመውጫው ጀመረላቸው።

ከበሮ ተመታ። የዳሱ በር ታየ። የትናየት ቬሎዋን ሰብስባ ብቅ ልትል ስትል ቡናማ ጃኬት የለበሰ ሰፊ ጀርባ መጥቶ ስክሪኑን ሞላው። እስክስታ እየመታ ነው። ያለ አድልዎ ለመናገር ግሩም እስክስታ ነው፤ ትከሻውን ሳይ የማን እንደሆነ ወዲያው አወቅሁት። የእኔ ነው።

እትዬ ታንጉት አሻግረው ለማየት አንገታቸውን ወደ ቀኝ አዘነበሉ፤ ጀርባዬም ወደ ቀኝ ሄደ። ወደ ግራ አሉ፤ እኔም ወደ ግራ። «ዞር በል እንጂ አንተ» አሉት ቴሌቪዥኑን፣ ቀስ ብለው። የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። ጀርባዬ ዞር ሲል አቧራ ብቻ ቀረ።

እኔም ለብሼው የመጣሁትን ያንኑ ቡናማ ጃኬት አውልቄ አግዳሚው ሥር ከተትሁት።

«በቃ፣ አልታደልሁም» አሉና እትዬ ታንጉት ወደ ጓዳ ሊሄዱ ተነሡ።

የትናየት እጃቸውን ያዘቻቸው። «እማዬ፣ ቁጭ በይ። እንደገና እወጣለሁ።»

አቶ ገዱ ይህ ወግ አይደለም፣ በመልስ ቀን ሙሽራ ትገባለች እንጂ አትወጣም ብለው ተከራከሩ። እንግዳው ግን ክራቫቱን እያስተካከለ ቆሞ ነበር።

«አጎቴ፣ እኔ ሁለቴ ብወስዳት እርስዎን ምን ይቆረጥምዎታል?»

ከበሮው ተነሣ። ጎረቤቶቹም ለመዝፈን ከጓዳ ወጡ፤ ድስቱ ብቻውን እሳት ላይ ቀረ። እኔም እንደ ደንቤ ትከሻዬን አላልቼ መሐል ልገባ ስል እትዬ ታንጉት ደረቴ ላይ ማማሰያ ሰኩብኝ።

«አንተ ቴዎፍሎስ፣ ጓዳ ግባ። ጀርባህንም ይዘኸው ግባ።»

ገባሁ። እያማሰልሁ ዘፈኑን ሰማሁ፣ እልልታውን ሰማሁ። ሾልኬ ልይ ብዬ በሩ ጋ ብደርስ እትዬ ታንጉት ደፉ ላይ ቆመው በሩን ሞልተውታል። ከጀርባቸው በቀር ምንም አይታይም። ጀርባቸው ይንቀጠቀጣል፤ እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ ከኋላ መለየት አልቻልሁም። ዞር ይበሉልኝ አላልሁም። ወደ ድስቱ ተመለስሁ።

ወጡን በተመለከተ ዳባት ውስጥ የሚወራው ቅናት ነው። አላረረም። ጠቆር ብሏል እንጂ፤ አቶ ገዱም አስጨምረው በልተዋል።