ሦስተኛው አንቀጽ

ልጄ ሃይሚ ምን እንደምትሠራ ሰው ሲጠይቀኝ "ፓርላማ ነው" እል ነበር። ሙሉ ሐሰት አይደለም፤ የሳምንቱን ግማሽ የምትውለው እዚህ ጀርመን፣ ቪስባደን ከተማ፣ ላንድታግ በሚሉት የክልሉ ምክር ቤት ውስጥ ነው። እውነትም አይደለም፤ ደመወዟን የሚከፍሏት የቪዲዮ ጌም የሚሠሩ ኩባንያዎች ናቸው። ኩባንያዎቹ ተሰብስበው ፌርባንድ የሚሉት ማኅበር አቋቁመዋል፤ ፌርባንዱ ደግሞ እሷን ቀጥሮ ሕግ የሚያወጡት ሰዎች ዘንድ ይልካታል። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይህን ለወይዘሮ ዕንቁ ላስረዳ ብዬ "የጌም ኩባንያዎች ማኅበር" ብላቸው፣ "በየትኛው ታቦት ስም ነው የሚጠጡት?" አሉኝ። ሴቶቹ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ወደ "ፓርላማ" ተመለስኩ።

ሃይሚ እዚያ የደረሰችው ለፍታ ነው። ፖለቲካ አጠናች፤ ከዚያ አንዲት የምክር ቤት አባል ቢሮ ውስጥ ያለ ክፍያ ፕራክቲኩም፣ የሥራ ልምምድ፣ ሠራች፤ በሃያ ሰባት ዓመቷ ፌርባንዱ ወሰዳት። እኔ እስከማየው ድረስ ሥራዋ ምሳ መብላት ነበር። ከሰዎቹ ጋር ምሳ ትበላለች፤ የማን ልጅ ፈተና እንዳለበት፣ የማን እናት ሆስፒታል እንደተኛች ታውቃለች፤ ከምሳ በኋላ አንድ ገጽ ትጽፋለች። "ከአንዱ በር ወጥተው ሌላው በር እስኪገቡ አንብበው መጨረስ አለባቸው" ትለኛለች። አንድ ቀን አበባ ይዛ መጣች። አንድ ረቂቅ ሕግ ላይ ኩባንያዎቹ "አለባቸው" የሚለውን ቃል "ይችላሉ" አስብላ ነበር። ሦስት ዓመት ፈጀብኝ አለች። ለአንድ ቃል ሦስት ዓመት መልፋቷ ገርሞኝ ኮራሁባት። በዚያች ቃል ማን እንደተጠቀመ፣ ማን እንደቀረበት አልጠየቅኋትም።

እኔ ማንበብ የጀመርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ገናናው የተማረ ሰው ነበር፤ ቤታችን የሚገባው ወረቀት ሁሉ በእሱ እጅ ያልፋል። እሱ ሥራ ላይ ከሆነ ሃይሚ ታነብልኛለች። ሃይሚ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ፣ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ፣ ልታስተረጉምልኝ አጠገቤ ተቀምጣ፣ አስተማሪዋ ለየወላጁ ወረቀት አደለችና በየተራ ጥቂት ጥቂት እንድናነብ ጠየቀችን። እኔ ጋ ሲደርስ መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ አልኩ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። ሃይሚ አስተረጎመችልኝ፤ ከዚያ ወለል ወለሉን አየች። ከዚያ ቀን በኋላ የወላጆች ስብሰባ ጥሪ ሲመጣ ለእኔ መስጠት አቆመች።

ገናናው ካረፈ በኋላ ሮደልሃይም፣ ከቤቴ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ፣ አዋቂዎች ፊደል የሚማሩበት ኩርስ ገባሁ። የአማርኛውን ፊደል አቶ ዓምደ ሚካኤል በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ አስቆጠሩኝ።

ባለፈው መጋቢት ሃይሚ ሥራዋን ይዛ እኔ ጋ መጣች። ጌም ውስጥ ልጆች ከፍለው የሚከፍቷቸው ሣጥኖች አሉ፤ ውስጣቸው ምን እንዳለ እስኪከፈቱ አይታወቅም። አንድ ረቂቅ ሕግ እነዚህ ሣጥኖች ያሉባቸው ጌሞች ለልጆች እንዳይሸጡ ይል ነበር። ፌርባንዱ ደግሞ ሕጉ እንዲቀር ይፈልጋል፤ ለዚህም የምክር ቤት አባላትን ጠርቶ ስብሰባ አዘጋጅቷል።

"አንዲት እናት እንድትናገር ይፈልጋሉ" አለችኝ። "አንቺ ብትሆኚልኝ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ?"

"እጽፍልሻለሁ። ማንበብ ብቻ ነው።"

"ብሳሳትስ?"

"ብትሳሳቺ ይበልጥ ይወዱሻል፣ እማ።" ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ይህ ከተሳካ የበርሊኑን ቢሮ ለእኔ ነው የሚሰጡት" አለች።

እሺ አልኳት። ያን ጊዜ ስለ ሕጉ አላሰብኩም። ልጄ ሰው ፊት እንዳነብ ስትጠይቀኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ወረቀቱ በጀርመንኛ የተጻፈ አራት አንቀጽ ነው። ወጥ ቤት ቁም ሣጥኑ ላይ ለጠፍኩት። በመጀመሪያው ሳምንት ዳዊት እንደሚደግም ሕፃን ነበርኩ፤ አፌ ያነባል፣ ልቤ አይሰማም። አይገንፌርአንትቮርቱንግ የሚል ቃል አለበት፣ የራስ ኃላፊነት ማለት ነው፤ እሱን ብቻ እየቆራረጥኩ ሦስት ቀን ለፋሁ። በዘጠነኛው ቀን ኤስ-ባን ባቡር ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳነብ ሦስተኛው አንቀጽ ገባኝ። እንዲህ ይላል፦ "የአንዲት ጓደኛዬ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ከእነዚህ ሣጥኖች መላቀቅ አቅቷት ነበር። እኔና እናቷ አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠን ስልኩን አስተካከልነው። ልጅቷ ዛሬ ደህና ናት። ለዚህ ሕግ አላስፈለገንም።"

ጓደኛዬ የወርቅውሃ ናት። ዚንድሊንገን ትኖራለች፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ልጇን ቤዚን ብቻዋን ታሳድጋለች። ክረምት ላይ ቤቴ መጥታ አልቅሳ ነበር። ቤዚ የእናቷን ካርድ ደብቃ ሣጥን ትከፍታለች፤ ትምህርት ቤት ትቀራለች፤ ስልኩ ሲወሰድባት የገዛ እጇን ትነክሳለች። "ለሰው እንዳይነግሩብኝ፣ እትዬ" ብላኝ ነበር። እኔ ግን ለሃይሚ ነገርኳት። ሥራዋ ነው፣ መላ ታውቅ ይሆናል ብዬ ነው። ከማንም ጋር ተቀምጬ ያስተካከልኩት ስልክ የለም፤ የራሴ ሲበላሽ እንኳ ሃይሚን ነው የምጠራው። ቤዚም ደህና አይደለችም።

የዚያኑ ቀን ማታ ሃይሚ ደወለች።

"እንዴት ነው ልምምዱ?"

"እየሄደ ነው።"

"ትወጪዋለሽ። እኔ አውቃለሁ።"

እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ስለ አንቀጹ ላነሳ የነበረውን ዋጥኩት። የኩርሱ አስተማሪ የምናነበውን ማንኛውንም ወረቀት አምጡ፣ አብረን እናየዋለን ትለናለች። ይህን ወረቀት አላሳየኋትም። ለምን እንዳላሳየኋት አውቃለሁ።

ስብሰባው ኦስትሃፈን፣ የወንዙ ወደብ ላይ፣ ድሮ መጋዘን የነበረ አዳራሽ ውስጥ ነበር። በመስኮቱ ዕቃ የጫኑ ጀልባዎች ይታያሉ። ወንበሩ ባዶ እንዳይሆን ሃይሚ ለቤተ ክርስቲያን ሴቶችም በስልክ መልእክት ልካ ኖሯል፤ አልነገረችኝም። ልጀምር ስል የወርቅውሃ ገባች። ከሥራ በቀጥታ መምጣቷ ነው፤ የመጦሪያው ነጭ ጫማ እግሯ ላይ ነው። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ እጇን አውለበለበችልኝ። ልታጨበጭብልኝ ነው የመጣችው።

ሦስተኛውን ዘልዬ አራተኛውን ማንበብ እችል ነበር። ወረቀቱ በእጄ ነው፤ ከሃይሚ በቀር ማንም አያውቅም። ሃይሚ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ከንፈሯ ከእኔ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር። እሷን እያየሁ አነበብኩት። አንድ ቃል አልሳትኩም። በሕይወቴ እንደዚያ አጥርቼ አንብቤ አላውቅም።

ተጨበጨበ። አንዲት የምክር ቤት አባል ሁለት እጄን ይዛ አመሰገነችኝ። የወርቅውሃም አጨበጨበች፣ ግን ዘግይታ ነው የጀመረችው።

አብረን ትራም ያዝን። ብዙ ጣቢያ ካለፍን በኋላ፣ "ጀርመንኛው ከባድ ነበር፣ አይደል እትዬ?" አለችኝ።

"ከባድ ነበር።"

"የጻፉልዎትን ነው ያነበቡት። ምን እንዳለበት እርስዎ በምን ያውቃሉ?"

"አዎ" አልኳት። "በምን አውቃለሁ?"

"አይዞዎት። ድምፅዎ ግን ያምር ነበር።"

ፌርባንዱ ንባቤን በቪዲዮ ቀርጾ ለሰው ሁሉ ለቀቀው። በቀጣዩ እሑድ ሴቶቹ በስልካቸው እያዩት ደረስኩ። ወይዘሮ ዕንቁ፣ "ዘመናይ፣ ያቺን ልጅ ያዳንሽበትን ለእኔም ንገሪኝ። የልጅ ልጄም እንዲሁ ናት" አሉኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት የወርቅውሃ ቀደመችኝ።

"እትዬን አያስጨንቋቸው። ማንበብ ገና እየለመዱ ነው። ያልገባቸውን ነው ያስነበቧቸው።"

አንዷ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ፤ ልጅ ሲወድቅ እንደሚደረገው። እኔም ዝም ብዬ ተቀበልኩት።

ስንወጣ የወርቅውሃ ወደ ጎን ወሰደችኝ። "ቤዚ ቪዲዮውን አየችው" አለች። "እኔ መሆኔን አውቄያለሁ አለችኝ። ነውሬን ለአበሻ ሁሉ አወራሽ፣ ደግሞ ዳነች ብለሽ ዋሸሽ ብላ አኮረፈችኝ። አራት ቀኗ፣ ቃል አትመልስልኝም። አልተናገርኩም ብላት አታምነኝም፣ እትዬ።"

ከዚያ ወደ ሃይሚ ቤት ሄድኩ። ኮቴን ሳላወልቅ፣ "ሦስተኛው አንቀጽ ይውጣ። ሐሰት ነው" አልኳት።

ሃይሚ ቆማ አየችኝ። "ገብቶሽ ነበር እንዴ?"

"በዘጠነኛው ቀን።"

"እኔ እኮ..." ብላ አቆመች።

"ጨርሺው።"

"እንደማይገባሽ ነበር ያሰብኩት። ካልገባት ኃጢአቱ የእኔ ብቻ ነው፣ እሷን አይነካትም ብዬ።" ተቀመጠች። "ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሠራው፣ እማ። ከእውነተኛ ታሪክ ተነሥተሽ ምሳሌ ትሠሪያለሽ። የሰው ስም እስካልጠራሽ ድረስ ማን ይጎዳል ትያለሽ።"

"ቤዚ ተጎዳች።"

ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እጇን አውርዳ፣ በሥራ ድምፅዋ፣ "ማስወጣት ይቻላል" አለች። "እናቴ ጽሑፉ አልገባትም ነበር፣ ገና ኩርስ ላይ ናት ብዬ እጽፋለሁ። በአንድ ቀን ያወርዱታል። ማንም አይቀየምሽም።"

"እውነቱን ብትጽፊስ?"

"የፈጠርኩትን ታሪክ ለምክር ቤት አባላት አስነበብኩ ብዬ? በርሊን የለም። ሥራውም ላይኖር ይችላል።" አይኗን ከጠረጴዛው አላነሣችም። "አንቺ የምትይውን እጽፋለሁ። አንቺ ነሽ ያነበብሽው።"

ሁለት ቀን አሰብኩ። አላወቀችም መባል ለሃይሚ ይበጃል፤ ለእኔም ይበጃል። የሚያምነኝ ሰው ፍለጋ መሄድ እንኳ አያስፈልገኝም፤ ሁሉም አምኖ ጨርሷል። ያሳፈረኝም ይኸው ነው። አለማወቄን ዕድሜዬን ሙሉ ስደብቀው ኖሬ፣ ማወቅ ስጀምር መደበቂያ አደረግሁት።

ማክሰኞ ዚንድሊንገን ሄድኩ። የወርቅውሃ በሩን ከፍታ ደነገጠች፤ ሳልደውል ነው የሄድኩት። ቤዚ ሶፋው ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ሰላም ስላት ቀና አላለችም።

"ቤዚ፣ እናትሽ ለማንም አላወራችብሽም" አልኳት። "ለእኔ ብቻ ነው የነገረችኝ፣ ጨንቋት። ለሃይሚ የነገርኳት እኔ ነኝ።"

ቤዚ በጀርመንኛ፣ "ዳነች ያልሽውስ?" አለችኝ።

የወርቅውሃ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና፣ "ነግሬሻለሁ እኮ፣ እትዬ አልገባቸውም ነበር" አለች።

ሁለቱም አዩኝ። ዝም ብል በቂ ነበር።

"ገብቶኝ ነው ያነበብኩት" አልኩ።

የወርቅውሃ የያዘችውን ፎጣ ወንበር ላይ አኖረች። "ትራም ላይ አልገባኝም ብለውኝ አልነበረም?"

"ትራም ላይም ዋሸሁሽ።"

"ሰው ፊት ተሟገትኩልዎት።"

"አውቃለሁ።"

"ለምን?" አለች። ድምፅዋን አላነሳችም።

"ሃይሚ ደስ እንዲላት። ሌላ ምክንያት የለኝም።"

ሴት ልጅ ያላት እናት ናትና ይገባት ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። "እኔም ልጅ አለችኝ" ነው ያለችኝ። "አሁን ይሂዱልኝ፣ እትዬ።" ያኔም እንኳ አንቱታዋን አልተወችም። ቢቀርብኝ ይሻለኝ ነበር።

ደረጃው ላይ ሳለሁ ቤዚ በካልሲ ወጣች።

"ቪዲዮው ይወርዳል?"

"ይወርዳል።"

"ምን ተብሎ?"

"ዘመናይ የምትባል ሴት እያወቀች ዋሸች ተብሎ።"

አሰበችበት። "ኦኬ" አለችና ገባች። በሩ ሲዘጋ፣ ከውስጥ "ማማ" ስትል ሰማኋት። ቀጥሎ ያለችውን አልሰማሁም።

ጣቢያው ላይ ቆሜ ሃይሚ ጋ ደወልኩ። ቢሮ ናት፤ ከኋላዋ ሰዎች ይሳሳቃሉ።

"ገብቷት ነበር ብለሽ ጻፊ" አልኳት። "ታሪኩ ሐሰት እንደሆነም ጻፊ።"

ባቡሩ መጣ፣ በሮቹ ተከፈቱ፣ አልገባሁም። ባቡሩ ሄደ። በርሊንን ልታነሳብኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ያን ወረቀት ስለ ጻፈችልኝ ልወቅሳትም፣ ስላነበብኩት ይቅርታ ልጠይቃትም ፈለግሁ፤ የትኛው እንደሚቀድም ጠፋኝ።

ከዚያ በስልኩ ውስጥ በር ሲዘጋ ተሰማኝ፤ ሳቁ ተቋረጠ።

"በይ" አለችኝ፣ "ቀስ እያልሽ ንገሪኝ። እየጻፍኩ ነው።"