የጂንስ ሽፋን

ጠባብ ጂንስ ጅማ ውስጥ የሞተው በአንድ ክረምት ነው። ሰኔ ላይ የኮሌጅ ሴቶች በእህቴ ሱቅ በር ላይ ይጋፉበት ነበር። መስከረም ላይ ያው ሱሪ እዚያው መስቀያ ላይ እንዳለ እየሳቁ ያልፉት ጀመር።

እህቴ ሙና ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ቦንዳ ትነግዳለች። ውጭ አገር ለብሰው የጣሉት ልብስ በጥቅል ታስሮ ይመጣል፤ ሳይፈታ ይገዛል፤ ውስጡ ምን እንዳለ የሚታወቀው ቤት ገብቶ ማሰሪያው ሲበጠስ ነው። ይህ ንግድ ለዓመታት የኖረው በአንድ ክፍተት ነበር። አንድ ልብስ እዚያ ፋሽኑ ካለፈበት በኋላ እዚህ እስኪያልፍበት ሦስት አራት ዓመት ይወስድ ነበር፤ እኛ የምንበላው በዚያ መሀል ነው። ክፍተቱን ስልክ ዘጋው። ሞዴሎች ሚላን መድረክ ላይ ሰፊ ሱሪ ለብሰው ሲራመዱ የጊንጆ ልጆች በዚያው ሳምንት ያያሉ። እዚያ ጠባቡን ሲጥሉት እዚህም አብረው ጣሉት። የእነሱ ውዳቂ ግን ማረፊያ አለው፤ እሱም የሙና ሱቅ ነው።

«ሙንዬ፣ ሰፋ ያለ ባጊ ሱሪ የለሽም?» አለቻት አንድ ቀን ጊፍቲ የምትባል የነርስ ተማሪ።

«ይሄን ልበሺው፣ ይሄድልሻል። አዲስ ነው፤ ወረቀቱ እንኳ አልተነሳለትም።»

«ኧረ እሱን እናቴም አትለብሰው! እሱን ለብሼ ብገባ ዶርም ውስጥ ፋራ ብለው ይገሉኛል።»

«እናትሽማ ብትለብሰው ቦርጯን ይይዝላት ነበር።»

ሁለቱም ሳቁ። ልጅቷ ሳትገዛ ሄደች። በዚያ ሰሞን ሙና የከፈተችው ቦንዳ ሁሉ ጠባብ ጂንስ ነበር። ክምሩ ሱቁን ሞልቶ ከኋላ ወዳለችው የእኔ ክፍል ገባ፤ እኔም በሁለት ግድግዳ ጂንስ መሀል እተኛ ጀመር። ጥቂቱን ጓሮ ልታቃጥለው ሞከረች። እንደ ፕላስቲክ እየቀለጠ ተንጠባጠበ፤ ጎረቤት በጭሱ ተቆጣ።

መላው የመጣላት ከጅማ ወጣ ብላ ወደምትገኘው የቡ ገበያ ስትሄድ ነው። የቡ የልብስ ወቅት አንድ ብቻ ነው፤ ቡና የተሸጠ ሰሞን። እሱ ገና ሳይደርስ ኦቦ ጅብሪል የሚባሉ የቡና ገበሬ፣ የቆየ ደንበኛዋ፣ ደጃቸው ላይ ከተቀዳደደ ላስቲክ ጋር ሲታገሉ አየቻቸው። ቀይ እሸት ቡና ከእነ ገለባው በእንጨት አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ፣ ማታ ከጤዛ ቀን ከፀሐይ ንዳድ መሸፈን አለበት። ላስቲክ ግን ከሥሩ ያልበዋል፤ ነፋስም ይገልጠዋል።

ሙና የሱሪዎቹን ስፌት ፈታች፣ እግሮቹን ዘርግታ እርስ በርስ ገጠመች፣ ጠርዙን ደርባ በመኪና ሰፋች። የአልጋ ያህል ሰፊ፣ ከባድ ሽፋን ወጣላት። እኔ የአንድ ቡና ላኪ ድርጅት ቀማሽ ስለሆንኩ እንድፈትሽላት ጠየቀችኝ። አልጋው ላይ ቴርሞሜትር አስቀመጥኩ፤ የእርጥበት መለኪያ ይዤ ተመላለስኩ። ቡናው በእኩል ይደርቃል፤ አያልበውም። ከላስቲኩ ይሻላል አልኳት። የለካሁት ሁሉ ትክክል ነበር።

ኦቦ ጅብሪል አልጋዎቻቸውን እያዩ ሳቁ። «ልጆቼ ጂንስ የላቸውም፤ ቡናዬ ግን ዘነጠ። ዘንድሮ ሽማግሌ ሳይላክ ይዳራል።»

«ያንን ላስቲክ ይጣሉት አባ፤ ካሁን በኋላ አያስፈልግዎትም» አለቻቸው ሙና። እሳቸውም ቆራርጠው የቡና ችግኝ ተከሉበት። ጎረቤቶቻቸው ሽፋን ለመኑ፤ ሙና ሌሊቱን ስትሰፋ እያደረች አዳረሰች። አንድ ተማሪ ቪዲዮ ቀርጾ «ምንም አይጣልም» የሚል ጽሑፍ ለጠፈበት። እህቴ ያን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየችው አላውቅም። ክፍሌ ውስጥ ያለው ክምር እስከ ግማሽ ጎደለ።

ታኅሣሥ ላይ ናሙናዎች መጡ። ቅምሻ ስንቀመጥ ስኒዎቹ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው፤ የማን ቡና እንደሆነ አይታወቅም። አለቃዬ ጽዮናዊት በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ነበርን። እኔ ለአንዱ ቁጥር ጥሩ ነጥብ ጽፌ ነበር፤ ጣፋጭ፣ የበሰለ ፍሬ የሚሸት። ጽዮናዊት ጎንበስ ብላ ያንኑ ስኒ አሸተተችና ቀና አለች።

«ሪያድ፣ እስቲ ወደዚያ ሁንልኝ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ሸሚዝህ ሳልባጅ ሳልባጅ ይላል። አትቀየመኝ፤ ሁልጊዜም ይላል፣ ዛሬ ግን ባሰበት።»

«ትናንት ነው ያጠብኩት።»

«በምን? በቦንዳ ጭማቂ? ውጣ በቃ፣ ልቅመስ።»

እየሳቀች አስወጣችኝ። ለዚህ ሥራ ስል ሽቶ አልቀባም፤ ጠዋት ሽንኩርት አልቀምስም፤ ሽታ በሌለው ሳሙና ነው የምታጠበው። ኮሪደር ላይ ቆሜ የሸሚዜን እጅጌ አሸተትኩ። የታጠበ ጨርቅ ነው። ትንሽ ቆይታ በሩን ከፈተች፤ ሳቋ ጠፍቷል።

«ካንተ አይደለም። ከስኒው ነው።»

ተመልሼ ስኒዎቹን አንድ በአንድ አሸተትኩ። የበሰለ ፍሬ። ደግሜ አሸተትኩ።

«ምንም አይሸተኝም» አልኳት።

ጽዮናዊት መዝገቧን ዘግታ አየችኝ። እሷን የሸተታት የቦንዳውን ልብስ ብል እንዳይበላው የሚረጩበት ያ መድኃኒት ነው፤ ጅማ ውስጥ ሕፃን እንኳ ሽታውን ያውቀዋል። «የምትኖረው እህትህ ጋ ነው አይደል?» አለችኝ ቀስ ብላ።

ቁጥሩ ሲፈታ የኦቦ ጅብሪል ቡና ሆነ። የሙናን ሽፋን የወሰዱ ጎረቤቶቻቸውም ቡና እንደዚያው ነበር። ሽፋኑን ያልወሰዱት ሰዎች ቡና ግን ንጹህ ነው። ጽዮናዊት ውጤቱን ወዲያው አልጻፈችውም። ሽፋኑ ይነሳ፣ ቡናው ሁለት ሳምንት ይናፈስ፣ ከዚያ እደግመዋለሁ አለች። በሁለተኛው ቅምሻ እኔ አልገባሁም። ከወጣች በኋላ ከፊቷ ላይ ለማንበብ ሞከርኩ፤ ማንበብ ግን አላስፈለገም።

«ለውጭ አይሄድም» አለችኝ። «ለአገር ውስጥ ገበያ ነው፤ እሱም በሚሰጡት ዋጋ።»

እንግዲህ እዚያ የጣሉት ልብስ እኛ ጋ መጣ፤ ልብሱ ያበላሸው ቡናም እኛው ጋ ሊቀር ነው።

ሙና በነዚያ ሳምንታት የተወሰኑትን ሽፋኖች ሰብስባ አጥባ ነበር፤ በኦሞ፣ በፈላ ውኃ፣ በአመድ ጭምር። እጇ ተላጠ። አንዱን ለጽዮናዊት ወሰድኩላት፤ ከበሩ ሳልገባ አፍንጫዋን ያዘች። ለኦቦ ጅብሪል የመጣው መልስ በስልክ አይነገርም ብለን አብረን ወደ የቡ ሄድን። ሙና መንገዱን ሙሉ የታጠቡትን ሽፋኖች ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀመጠች፤ ከታጠቡ ይጠቅሟቸው ይሆናል ብላ ነው። እንደማይሆን ነግሬያታለሁ።

ኦቦ ጅብሪል ቆመው ሰሙን። ከዚያ ወደ ደጁ ጥግ ወሰዱን። ከሌሎቹ ዘግይተው የለቀሟቸው ሁለት አልጋ እሸቶች ነበሩ፤ ሽፋኑ ከተነሳ በኋላ የተሰጡ። ማታ ማታ በእንሰት ቅጠል ነው የሚሸፍኗቸው።

«ይቺን አልነካኋትም» አሉ። «ይቺን ወስዳችሁ ቅመሱልኝ። በዚችም ቢሆን ዓመቱን እወጣለሁ።»

ጎንበስ ብዬ ፍሬዎቹን በእጄ አገላበጥኩ። ለቀማው ጥሩ ነው፤ ቀይ ብቻ ነው የተመረጠው። ለመድረቅ አንድ ሳምንት ይቀረዋል። ነገ ከጅማ አዲስ ላስቲክ ይዤ እመጣለሁ አልኳቸው፤ ጥር ነው፣ እስከ ነገ ምን ይመጣል?

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሳ። መጀመሪያ የእንሰቱን ቅጠል ከአንዱ አልጋ አንስቶ አጥሩ ላይ ለጠፈው። በሸቤ ከተማ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ኦቦ ጅብሪል ቅጠሉን ሊመልሱ ሮጡ፤ ሌላኛው አልጋም ተገለጠ። ቡናውን አፍሶ ወደ ቤት ለማስገባት ጊዜ አልነበረም። ሁለት አልጋ ነው፤ እኛም ሦስት ሰዎች ብቻ ነን።

ያለው ሽፋን ሙና ያቀፈችው ነው።

ኦቦ ጅብሪል አዩትና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ቀማሽ ነህ። ንገረኝ፤ ዝናብ መትቶት የሻገተና በዚህ የሸተተ የትኛው ይሻላል?»

መልሱን አውቀዋለሁ። የሻገተ ቡና ማንም አይገዛውም፤ ከብትም አይቀርበውም። የሸተተው ቢያንስ ገበያ ይወጣል። ሁለቱም ግን ይቺ እሸት ልታመጣው ከነበረው ዋጋ ጋር አይገናኙም። የመጀመሪያው ጠብታ የእጄን ጀርባ ነካው።

«ሸፍኑት» አልኩ።

ሙና አልተንቀሳቀሰችም። ከእጇ ወስጄ አንዱን ጫፍ ለኦቦ ጅብሪል ሰጠኋቸው፤ ዘረጋነው። ጨርቁ ከባድ ስለሆነ ነፋሱ አልገለጠውም። ሁለተኛውን ስንዘረጋ ዝናቡ ወረደ። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆመን ውኃው በጂንሱ ላይ ሲወርድ አየን። ሱሪዎቹ ኪስ በነበራቸው ቦታ ጠቆር ያለ አራት ማዕዘን ቀርቷል።

ዝናቡ ጋብ ሲል ኦቦ ጅብሪል የሽፋኑን ጠርዝ ከፍ አድርገው ቡናውን ዳሰሱ። ደረቅ ነው። ወደ እኔ አዩ።

«ታጥቧል ተብሏል እኮ። ምናልባት ለቆት ይሆናል። እስቲ አሽትተው።»

ፊቴን ወደ ጨርቁ አስጠጋሁ። እርጥብ ጥጥ፣ ትንሽ አመድ፣ ከሥሩ የበሰለ ፍሬ።

«እኔ ምንም አይሸተኝም» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ!» ፊታቸው በራ፤ ትከሻዬን ጨበጡኝ። «እንግዲያማ ተርፋለች!»

ሙና ናት የመለሰችላቸው።

«እሱ አይሸተውም አባ፤ እኔም አይሸተኝም። ከዚህ ጨርቅ ጋር ነው የምንተኛው። ግን ይሸታል።»

ኦቦ ጅብሪል እጃቸውን ከትከሻዬ አነሱ። በደቡብ በኩል ሌላ ደመና ይመጣ ነበር። አልጋውን እየዞሩ የሽፋኑን ጠርዝ ከእንጨቱ ሥር አስገብተው ጠበቅ ጠበቅ አደረጉት።