ስለ የኔታ የተወጋው መርፌ

የደብራችንን ገበዝ ፈንታሁንን ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። ዞር ሲል ግን አንቱታዬን ይዤ እቀራለሁ፤ ለእንዲህ ያለ ሰው የማባክነው አክብሮት የለኝም።

የጣሊያኑ ሻምበል ከደብረ ታቦር ወደ ጉባኤ ቤታችን የመጣ ዕለት ከሁሉ ቀድሞ እጅ የነሣው እሱ ነው። ሻምበሉ በአስተርጓሚ፣ «መጻሕፍታችሁን አይጥ እየበላቸው ነው፤ ጎንደር ትልቅ ቤተ መጻሕፍት እንሠራላቸዋለን። ለደብሩ አገልጋዮችም ሐኪም አለን፤ የታመመ ሰው ደብረ ታቦር መጥቶ ይታከም» አለ። ገበዙ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሰጠ። ሁለተኛ እንኳ አልተለመነም። አባቶች ማንም እንዳይወስዳቸው ያወገዙባቸው ብራናዎች እንደ ገብስ ጆንያ መኪና ላይ ተወረወሩ። ገበዙ ለሾፌሩ ገመድ ያቀብል ነበር።

የቀሩን የኔታ ተክሌ ናቸው። የነቢያቱን ትርጓሜ በቃላቸው የያዙት በአገሩ እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እኛ ደቀ መዛሙርቱ ገና እኩሌታውን አልተቀበልንም። በዚህ መሐል ተስቦ ያዛቸው። ተሻላቸው ስንል አገረሸባቸው። የኔታ ከሞቱ ትምህርቱም አብሯቸው ይቀበራል፤ ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም።

«በቃሬዛ ተሸክመን ሐኪሙ ዘንድ እናድርሳቸው» አልን።

ገበዙ ተቆጣ። «ምን ቆርጧችሁ! ሊቁን እንደ ሬሳ ተሸክማችሁ በገበያ መሐል ልታልፉ? የንስሐ አባታቸው እኔ አይደለሁ? ጾማቸውን የምካፈል፣ ስግደታቸውን የምሰግድላቸው! የሐኪሙንም መርፌ እኔ እቀበልላቸዋለሁ።»

«አባ፣ መድኃኒት ካንዱ ሰው ገላ ወደ ሌላው እንዴት ይሻገራል?» አልሁት።

«ወርቁ፣ አንተ ደግሞ! ስግደት እንዴት ይሻገራል?»

ጓደኞቼ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። የንስሐ አባት የልጁን ቀኖና ተካፍሎ እንደሚያቀልለት ሁሉም ያውቃል፤ መርፌ ምን እንደሆነ ግን ያየ አልነበረም። ስለዚህ የኔታ ተኝተው ቀሩ፣ ገበዙ በበቅሎ ወጣ፣ እኔም በእግሬ ተከተልሁት።

ሲያዜም የመጣ ሰው ከሐኪሙ ደጅ ሲደርስ ማቃሰት ጀመረ። አስተርጓሚው «የታመመው ማነው?» ሲል «እኔ ነኝ» አለ።

«ኧረ የኔታ ናቸው! እዚያ ተኝተው—» ስል ዘበኛው በሰደፍ ገፍቶ አስወጣኝ። በመስኮት አየሁት። ክንዱን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ተወጋ። ሲወጣ ፊቱ ፈክቶ ነበር።

«የየኔታን ስም እንኳ አልጠሩም እኮ» አልሁት።

«ሞኝ! ለማን እንደተወጋሁ እግዜር ያውቃል።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! መንገዱን ሙሉ የጉልበቱ ቁርጥማት እንደ ለቀቀው ሲያወራልኝ መጣ። ልተፋበት ፈልጌ ነበር፤ ካህን ነውና ምራቄን ዋጥሁ።

እንደ ደረስን የኔታ አልጋ አጠገብ ሄዶ «እንዴት ነው፣ ቀለል አለዎት?» አላቸው።

የኔታ በትኩሳት የነደደ ፊታቸውን አዙረው አዩት። «አንተ ከዳንህ ይበቃል» አሉት።

ምርቃት መስሎት «አሜን» አለ።

ከዚያ እኛን ጠሩን። «ቅረቡ፤ ከቆምንበት እንቀጥል።» ንባቡን አሉ፣ አንዱን ፍች ሰጡ። በእኛ ትምህርት አንድ ንባብ በብዙ መንገድ ይፈታል፤ መምህሩ ወደሚቀጥለው ፍች ሲሻገር «አንድም» ይላል። የኔታ «አንድም» አሉ። ጎንበስ ብለን ጠበቅን። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ጆሮዬን አስጠግቼ ብዙ ቆየሁ። ትንፋሻቸውም ቆመ።

በቀብራቸው ላይ ገበዙ «እኔስ የምችለውን ተወግቼላቸው ነበር» እያለ አለቀሰ፤ ለቀስተኛውም አጽናናው። ከዚያ ወዲህ ጉንፋን እንኳ ይዞት አያውቅም።

መጻሕፍቱ ጎንደር ናቸው ይባላል፤ ያያቸው የለም። የዚያን ንባብ ትርጓሜ ፈልጎ የሚመጣ ተማሪ ካለ እስከ «አንድም» ድረስ እንነግረዋለን። ከዚያ ወዲያ ያለውን ገበዙን ይጠይቅ፤ የተወጋላቸው እሱ ነው።